የግራዝማች ግንብ

ጎንደር ውስጥ የገበሬ ልጅ የለም! … አትቆጡ፣ እስቲ ልጨርስ። ካላመናችሁኝ ያገኛችሁትን ሰው አስቁማችሁ ዘሩን ጠይቁት። ባለ ባጃጁ በእናቱ በኩል የራስ እከሌ የልጅ ልጅ ነው። ሊስትሮው በአባቱ የደጃዝማች እከሌ ወገን ነው። የሰፈራችን ቅቤ ነጋዴማ በሁለቱም በኩል ወደ ዙፋኑ ይጠጋል፤ እስካሁን ያልተቀመጠበት ቅቤው እንዳይቀልጥበት ፈርቶ ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁላችንም የነገሥታት ዘር ከሆንን፣ ያ ሁሉ ግንብ ሲሠራ ጭቃውን ያቦካው ማን ነው? ድንጋዩን የተሸከመውስ? ሰውየው ሳይወልድ ነው የሞተው?

እኔም ብሆን ከማን አንሼ! አያቴ ግራዝማች እሸቴ ናቸው። ግራዝማችነቱን ማን እንደሰጣቸው ግን በቤተሰባችን ውስጥ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። «ንጉሡ ናቸው የሾሟቸው» ይል ነበር አባቴ። «ንጉሤ ነው» ትል ነበር አክስቴ። ንጉሤ የአያቴ የጠጅ ቤት ጓደኛ ነው።

ከእኚህ አያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ደግሞ ለእኔ የተላለፈ ግቢ አለኝ፤ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ። ግቢው መሀል አንድ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። አጥር እንዳትሉት የሚያጥረው ነገር የለም፤ ግድግዳ እንዳትሉት ጣሪያ የለውም። ቁመቱ ትከሻዬ ድረስ ነው። ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ግቢውን እኩል ለሁለት ገምሶ ዝም ብሏል። ከኋላው ዶሮዎች ያድራሉ፤ ከፊቱ እኛ እንኖራለን።

ባለቤቴ አታለል ይህንን ግንብ ዓይኑን ማየት አትፈልግም። ከተጋባን ጀምሮ «አፍርሰው» ትለኛለች፤ እኔም ከተጋባን ጀምሮ «ነገ» እላታለሁ። እንዲህ ተግባብተን ስንኖር ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። ልጃችን ሰላማዊት ልትዳር ነው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ዳሱ የሚጣለው እኛ ግቢ ውስጥ ነው። ግንብ መሀሉ ላይ የተገተረ ዳስ ደግሞ በአገራችን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅ።

«ስማ» አለችኝ አታለል፣ «ከገና በፊት ይሄን ግንብ ካላፈረስክ እኔ አፈርሰዋለሁ። ከሱ ቀጥሎ አንተን።»

«በዚህ ሳምንት!» አልኳት። እውነቴን ነበር። ዶማም ተውሼ ነበር። ቀበሌው ጣልቃ ባይገባ ኖሮ…

ቀበሌው ምን አደረገ መሰላችሁ? እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የታሪክ መርሐ ግብር ጀመረ። ነዋሪው እየተነሣ የቤተሰቡንና የሰፈሩን ታሪክ ይናገራል፤ ትዕግሥት የምትባል ወጣት የቅርስ ባለሙያ ትቀዳለች። በየጓሮው የተረሱ ቅርሶች ካሉም ተጠቁመው ጥበቃ ይደረግላቸዋል። ሸጋ ሐሳብ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ አዳራሹ ውስጥ እኔ መኖሬ ነው።

በዚያን እሑድ የተነሡት ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩ ነበሩ። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም ነጋዴ ነበሩ። አያታቸው በቅሎ ጭነው በአይከል በኩል እስከ መተማ እንዴት እንደሚወርዱ፣ ሽፍታ እንዴት እንደሚያታልሉ፣ በረሃ ላይ ውሃ ሲያልቅ እንዴት እንደሆኑ እያጣፈጡ ሲናገሩ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ሲጨርሱ የነበረው ጭብጨባ! ትዕግሥት ዓይኗ እንባ አቀረረ። አታለል እንኳን፣ የእኔዋ አታለል፣ ለእኔ አንድም ቀን አጨብጭባ የማታውቀው ሴትዮ፣ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች።

ይኼኔ ነው እጄ የተነሣው። ማን እንዳነሣው አላውቅም። ቀና ስል የራሴ እጅ ነው።

«የእኔ ግቢ ውስጥ» አልኩ፣ «ቁስቋምን ያሠሩት የእቴጌይቱ ግንበኞች በገዛ እጃቸው የገነቡት ግንብ አለ!»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እናንተስ ይህን ወሬ ከየት አመጣው ትሉኛላችሁ አይደል? እኔም እንደ እናንተ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት! ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከወጣ ወዲያ ማን ይመልሰዋል? ቀጠልኩ እንጂ።

«አያቴ ግራዝማች እሸቴ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል፣ ‹ይህን ግንብ አደራ› ብለው ነው ያረፉት።»

እንደተነገረኝ ከሆነ አያቴ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል ያሉት «ውሃ አምጡልኝ» ነው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ውሃ አያስጨበጭብ!

ግንቡ ግን አስጨበጨበ። ትዕግሥት ወንበሯን ትታ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ነገ መጥቼ ልየው?» አለችኝ። ከጀርባዋ አታለል ታየችኝ። አታለል አላጨበጨበችም።

እቤት ደረስን። በሩን ዘግታ ዞረችና፣ «የቱ ግንብ?» አለችኝ።

«ያው… ግንቡ ነዋ።»

«የዶሮው?»

«አሁን የዶሮ ነው አይባልም እንግዲህ…»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ነገ ልጅቷ መጥታ ታየውና ትስቅብሃለች፣ ከነገ ወዲያ ታፈርሰዋለህ። በቃ!»

እኔም በልቤ እንደዚያው ይሆናል ብዬ ነበር። በማግሥቱ ትዕግሥት ሜትርና ካሜራ ይዛ መጣች። ከፊት ለፊቱ አየችው። ከኋላ ዞረች፤ ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ቆየች… ቆየችና በድንገት ጮኸች።

«ጋሼ! ጋሼ ይምጡ!»

ዶሮ የነከሳት መስሎኝ ሮጥኩ። የዶሮውን ቆጥ ወደ ጎን ገፍታ በብሩሽ አንድ ድንጋይ ትጠርጋለች። ቀላ ያለ ድንጋይ ነው። በላዩ ላይ መስቀል ተጠርቦበታል፤ ሐረጉ፣ ጉንጉኑ፣ ጠርዙ፣ እንዲያው የዕንጨት ሥራ ነው የሚመስለው። ከሱ ጎን ሌላ የተጠረበ አለ፤ ዝቅ ብሎ ሌላ። የገዛ ግቢዬ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው፤ እኔ ግን እዚያ ጋ ከእንቁላል በስተቀር ምንም ነገር አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እላይ ቁስቋም ፍርስራሹ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው! ያወቁትስ እንዴት ነው?»

እኔ እንኳን ላውቅ… ግን ሰው ዐዋቂ ነህ ሲባል «አይ፣ አይደለሁም» ይላል? ጋቢዬን አጣፋሁና፣ «የደም ጉዳይ ነው» አልኳት።

ትዕግሥት ቀይና ነጭ ሪባን አወጣችና ግንቡን ዙሪያውን አሰረችው። «ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ሰው አንዲት ጠጠር እንዳይነካ። ሕግ ነው» አለች። ዶማውን አየችና ደነገጠች። «ይሄ ዶማ ምንድን ነው?»

«ለ… ለጎመን ነው» አልኩ። ጎመን የለንም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ምን ብዬ ልንገራችሁ! መንገድ ላይ «ባለ ቅርሱ» ተባልኩ። የማላውቀው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይለኛል። ግቢዬ በጎብኚ ተሞላ፤ እኔም አስጎብኚ ሆንኩ። ከዘራ ገዛሁ፤ አሞኝ እንዳይመስላችሁ፣ ድንጋይ የምጠቁምበት ነው። ቀድመው ለመጡት እቴጌይቱ እዚህ ጋ አንዴ አረፍ ብለው እንደነበር ነገርኳቸው። ቀጥለው ለመጡት እቴጌይቱ ዘወትር ማታ ማታ እዚህ ይቀመጡ ነበር አልኩ። መጨረሻ ላይ ለመጡት እቴጌይቱና አያቴ ወዳጆች ነበሩ ማለት ሲቀረኝ፣ አታለል በመስኮት አየችኝና ዋጥኩት።

አታለል ግን ተዘጋች። ተቆጥታ ብትሰድበኝ እችለው ነበር፤ ዝም አለችኝ። ዳስ ጣዩ መጥቶ ግቢውን ለካና ራሱን አከከ። «ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ልጣለው። የወንድ ወገን ወዲህ፣ የሴት ወገን ወዲያ» አለ።

«ሙሽሮቹስ?» አለችው አታለል።

«ሙሽሮቹ… ግንቡ ላይ።»

የሙሽራው ሽማግሌዎች መጡ። እነሱም ሪባኑን አዩ፤ ተያዩ። አንደኛው አዛውንት በትሕትና፣ «ይሄ ነገር የመንግሥት እገዳ ነው እንዴ? ቤቱ ክስ አለበት?» ብለው ጠየቁ። እኔ ታሪኩን ላስረዳ ተነሣሁ፤ አታለል ተቀመጥ አለችኝ፤ ተቀመጥኩ።

ያመመኝ ግን የሰላማዊት ነገር ነው። ልጄ እንደ እናቷ አትቆጣም። በዚያው ዕለት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ «አባዬ፣ ተወው፣ አትጨነቅ። በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን እንገባለን። ድግሱ ይቅር» አለችኝ። ፈገግ እያለች ነው ያለችኝ። ፈገግታዋ ከእናቷ ዝምታ ይብስ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ስለ እኔ እንደተተረተ ያኔ ገባኝ፤ ቆጡም የዶሮ፣ ብብቱም የልጄ ሠርግ!

በነጋታው ቆርጬ ተነሣሁ። ትዕግሥት ቢሮ ሄጄ፣ «ልጄ፣ ዋሽቻለሁ። እቴጌይቱን አላውቃቸውም፤ አያቴም አደራ አላሉኝም። ሪባንሽን ፍቺልኝ» ልላት። መንገዱን ሁሉ እየተለማመድኩት ሄድኩ። በሩን አንኳኩቼ ስገባ ቢሮ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች በሙሉ ተነሡልኝ።

«እኚህ ናቸው!» አለቻቸው ትዕግሥት። «ለትውልድ ቅርስ ጠብቀው ያቆዩት አባት!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እንዲህ ተብሎ ማን ይናዘዛል? «ለሥራችሁ በርቱ ልላችሁ ነው የመጣሁት… ደግሞ ጥናቱን ፈጠን ብታደርጉት» አልኩና ተመርቄ ወጣሁ።

ጥናቱን ፈጠን አደረጉት። ትዕግሥት ከሌላ ጎልማሳ ባለሙያ ጋር ቅዳሜ ጠዋት እንደምትመጣ ላከችብኝ። እኔም ጎረቤቱን በሙሉ ጠራሁ። ለምን ጠራህ አትበሉኝ፤ እየሰመጠም ጉራውን የማይለቅ ሰው አለ፣ እኔ ነኝ። ሐጂ ኑሩ ወንበር ይዘው ከፊት ተቀመጡ። የአታለል ታላቅ ወንድም አያ ጥላሁንም የዳስ ዕንጨት ሊያግዝ ትክል ድንጋይ ከሚባለው አገሩ ዘመዶቹን አስከትሎ የደረሰው በዚያው ጠዋት ነበር።

ባለሙያው ግንቡን ዞረው፣ ጎንበስ ቀና ብለው አዩት። በጣታቸው መሀሉን ፈለፈሉት። ከድንጋዮቹ መካከል አንድ የዛገ ነገር ጎትተው አወጡ። የጣሊያን ጊዜ የቆርቆሮ ጣሳ ነው።

«ጋሼ ደሳለኝ» አለችኝ ትዕግሥት በቀስታ፣ «ግንቡ ቅርስ አይደለም።»

ከኋላ አታለል በረጅሙ ተነፈሰች። እኔ ራሴ ደስ ሊለኝ ነበር።

«ድንጋዮቹ ግን ቅርስ ናቸው» አለች።

«እንዴት እንዴት?»

«የእቴጌይቱ ግንበኞች የሠሩት በኖራ ነው፤ ይሄ በጭቃ ነው የተያያዘው። መስቀሉም ተገልብጦ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ… ማለት… የሆነ ሰው ከፍርስራሹ አምጥቶ…»

«ማን?» አልኩ። እኔ ነኝ ይህን የጠየቅሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ትዕግሥት መሬት መሬት አየች። ባለሙያው ሳል አመጡ። አታለል ግን፣ «ማን ይሆናል? አደራ ያሉት ሰውዬ ናቸዋ!» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ኑሩ ናቸው። ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። «ግራዝማች አልክ? ድንጋይ አዝማች በል እንጂ!» ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ግንቡ ብቻ ቀረ። አያ ጥላሁን ግን የሰው ነገር ይከብደዋል፤ ትከሻዬን ያዘኝና፣ «ምነው ደሱ፣ ምን ያሳፍራል? ሸጋ ሸጋውን መርጠው ነው ያመጡት» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ይህም አልጠቀመኝም።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ፤ የተጠረቡት ድንጋዮች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ተራው ድንጋይ የእኛ ነው፤ ግንቡ ይፈርሳል። አታለል እልል አለች! ልጇ ሳትዳር የሠርጉ እልልታ ተጀመረ። ሪባኑን ራሷ በጥሳ ጣለችው።

የእኛ ቅያስ ለመኪና አይሆንም። ስለዚህ ግንቡን ቀስ ብለን ባለሙያዎቹ እንደነገሩን ፈታን፤ ትንንሾቹን ድንጋዮች አህያ ላይ ጫንን፤ ትልልቆቹን በቃሬዛ ተሸከምን። ከትክል ድንጋይ የመጡት ዘመዶቻችን ለዳስ መጥተው ድንጋይ ተሸካሚ ሆኑ። «ስማችን እየተከተለን ነው» አለ አያ ጥላሁን። መስቀል ያለበትን እኔ ካልያዝኩ ብዬ ተከራከርኩና ከአያ ጥላሁን ጋር ያዝኩት። ወገቤ ቀጭ ሲል ሰፈሩ ሰምቷል። ሽቅቡ ደግሞ የቁስቋም ሽቅብ ነው፤ በባዶ እጅ እንኳን ሁለተኛ አልወጣም ብሎ የሚያስምል።

መንገደኛው ይቆማል። «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል።

«ጥሎሽ ነው» ትላለች አታለል ከኋላ ሆና።

«ለማን?»

«ለእቴጌይቱ! ባሌ ከሳቸው ጋር የቆየ ነገር አለው።»

እላይ ስንደርስ ዘበኛው ሽማግሌ ድንጋዮቹን አይተው ባረኩን። «ሌላውስ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሌላ የለኝም፤ ማልልኝ ካሉ እምላለሁ» አልኩ።

«ያንተን አላልኩም ልጄ» አሉና ዓይናቸውን ወደ ታች፣ ወደ ሰፈራችን ጣሪያዎች ወረወሩት። «የሌላውን ነው።»

ነገሩ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ በሠርጉ ቀን ነው። ሠርጉ፣ ተመስገን፣ አማረ! ግቢው ያለ ግንቡ ሜዳ ሆኖ ዳሱ እንደ ልቡ ተዘረጋ። የሐጂ ባለቤት ለእስላም እንግዶች የሚሆነውን ወጥ ለብቻ አሠርታ ራሷ ቆማ አስተናገደች። ሰላማዊት ስትገባ አልቅሻለሁ፤ ከወገቤ ሕመም ጋር ተደባልቆ የትኛው እንዳስለቀሰኝ ለይቼ መናገር አልችልም። ትዕግሥትንም ጠርተናት ነበር። በልታ ጠጥታ ስታበቃ፣ ንፋስ ልትቀበል ብላ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። አሻግራም ማየት ጀመረች።

ስታይ አየኋት። ባለሙያ ናት፣ ዓይኗን ምን ታድርገው! ወደ ቀኝ ጎረቤት አየች፤ የበሩ ደፍ ቀላ ያለ ድንጋይ ነው። ወደ ግራ አየች፤ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ጠርዙ ሐረግ አለው። ለካ ያ ሁሉ ሲስቅብኝ የከረመ ጎረቤት…! ዳሱ ውስጥ ጨዋታው ቀዝቀዝ አለ። ሐጂ ኑሩ ብድግ አሉና ወደ እሷ ሄዱ።

«ልጄ፣ ምነው ፀሐይ ላይ ቆምሽ? ነይ ወደ ጥላው። በዚያ በኩል ምንም የሚታይ የለም።»

በማግሥቱ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰፈሩን አላወቅኩትም። በየአጥሩ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። በየደፉ ላይ በርበሬ ተዘርግቷል። አንዷማ የማጠቢያ ድንጋይዋ ላይ አገልግል ደፍታበት ከጎኑ ቆማ ትጠብቃለች። ትዕግሥት እኮ ገና አልመጣችም!

እንዲህ እየተሳቀቁ ጥቂት ቀን ከቆዩ በኋላ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሐጂ ኑሩ ናቸው። አንድ ነገር በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈዋል፤ ላብ በላብ ሆነዋል።

«ደሳለኝ ወንድሜ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መንገዱን ያው ታውቀዋለህ። እስቲ አብረን እንውጣ።»

ነጠላውን ገለጥ አደረግኩት። አበባ የተጠረበበት ቀይ ድንጋይ! የሱቃቸው ደረጃ የነበረ ነው፤ ስንት ጊዜ ረግጬው ገብቻለሁ። ሳቄ መጣ። እንግዲህ የእኔ ተራ ነው፣ አይደል? መንገድ ጀመርን፤ እኔም ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ እንግዲህ የእርስዎም አያት…»

«አፍህን ሰብስብ!» አሉኝ ቆም ብለው። «የእኔ አያት ነጋዴ ናቸው፤ የሰው ነገር አይነኩም። ይሄን ድንጋይ በገንዘባቸው ነው የገዙት!»

«እሺ፣ ገዙት እንበል። ከማን?»

ሐጂ ኑሩ ድንጋዩን ወደ እኔ ክንድ አሻገሩና ላባቸውን ጠረጉ።

«ከማን ይሆናል?» አሉ። «ከግራዝማች ነዋ!»

ድንጋዩን አቅፌ ሽቅቡን ቀጠልኩ። የቤተሰብ ንብረት ነው!